ባለ አንድ እጁ አፈ ጉባኤ፦ ስለ ፒተር ላሎር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜልቦርን ያላችሁ ሐበሾች ስሙን ሳትሰሙት አትቀሩም። በስተ ሰሜን ላሎር የሚባል ሰፈር አለ። ዌሪቢና አካባቢዋ የምትኖሩ ደግሞ የፌዴራል ምርጫ ክልላችሁ ስም ላሎር ነው። የምርጫ ሰሞን ወረቀቱ ላይ ስሙን ያየ ሁሉ «ይሄ ሰውዬ ግን ማነው?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ ከአንድ መስመር በላይ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባጭሩ ማን ነበር?

በ1827 አየርላንድ ውስጥ ተወለደ። በ1852 ወደ ቪክቶሪያ ተሰደደ። ቪክቶሪያ ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፣ ወርቅ የተገኘባት ሰሞን። በ1854 ባላራት በምትባል የወርቅ ከተማ መንግሥትን በመሣሪያ የገጠሙ ወርቅ ቆፋሪዎችን መራ። ግራ ክንዱን እዚያ አጣ። ያለበትን ለሚጠቁም ወሮታ ተመደበበት። ዓመት ሳይሞላው የዚያው ቅኝ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆነ። በስተመጨረሻ አፈ ጉባኤ ሆኖ ሰባት ዓመት ያህል ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ረሃቡ ነው ያሰደደው?

አየርላንዳዊ ስደተኛ ሲባል ሁላችንም ወደዚያ ነው የምንሄደው። እውነትም ከ1845 ጀምሮ በነበረው የድንች ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ ሌላው ሚሊዮን ደግሞ አገር ጥሎ ሄዷል። ላሎር ግን በባዶ ሆዱ መርከብ ላይ የወጣ ሰው አይደለም።

ቤተሰቡ ደህና መሬት ነበረው። ቦታው ዛሬ ሊሽ ካውንቲ የሚባለው ነው፤ ያኔ በእንግሊዝኛ «የንግሥቲቱ ካውንቲ» ይባል ነበር። አባቱ ፓትሪክ ላሎር ከ1832 እስከ 1835 ለንደን ፓርላማ ገብቷል። በዚያ ዘመን ካቶሊኩ ገበሬ ለማይሳለምበት የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አሥራት እንዲከፍል ይገደድ ነበር። አባትየው «አልከፍልም» ካሉት ግንባር ቀደሙ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጄምስ ፊንታን ላሎር ደግሞ «መሬቱ የሚያርሰው ሕዝብ ነው» እያለ የሚጽፍ፣ ጤና የራቀው ግን ብዕሩ የሚያቃጥል ሰው ነበር። በ1849 ሞተ።

ፒተር ራሱ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሯል። አገሩ ሳለ በፖለቲካው ስሙ ጎልቶ አይነሳም። እንግዲህ የመጣው ኑሮ ሊያሻሽል ነው ማለት ይቻላል፤ እንደ ብዙዎቻችን። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ሜልቦርን ሲደርስ ምን ሠራ?

ከወንድሙ ከሪቻርድ ጋር ነው የመጣው። መጀመሪያ በሜልቦርንና ጂሎንግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ተቀጠረ። ወንድማማቾቹ ሜልቦርን ውስጥ በመጠጥና በሸቀጥ ንግድም ገብተውበት ነበር። ሪቻርድ ኋላ ወደ አየርላንድ ተመልሶ እሱም እንደ አባቱ የለንደን ፓርላማ አባል ሆኗል። ፒተር ግን ወርቁ ጠራው። መጀመሪያ ኦቨንስ ወደሚባለው ቦታ፣ ከዚያ በ1854 ወደ ባላራት ሄደ። ዩሬካ በተባለው አካባቢ ጉድጓድ ይዞ ቁፋሮውን ጀመረ።

የቁፋሮ ፈቃድ ይህን ያህል ምን ያስቆጣል?

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። የቁፋሮ ፈቃዱ መጀመሪያ በወር 30 ሺልንግ ነበር። ሃያ ሺልንግ አንድ ፓውንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቆፋሪ በዓመት 18 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ከ1853 መጨረሻ ጀምሮ ክፍያው ቀንሶ በወር አንድ ፓውንድ፣ ለዓመት ደግሞ 8 ፓውንድ ሆነ። የሚከፈለው ባገኙት ወርቅ ላይ ተሰልቶ አይደለም፤ ለመቆፈር ብቻ ነው። አገኘህ አላገኘህ ትከፍላለህ።

ባላራት ላይ ደግሞ ወርቁ ላይ ላዩን አይታፈስም። ጥልቅ ነው። ውኃና ጭቃ እየገፉ፣ ግድግዳውን በሳንቃ እየደገፉ፣ ወርቁ ያለበት ንጣፍ ላይ እስኪደርሱ ወራት ይፈጃል። በነዚያ ወራት የሚገባ ሳንቲም የለም። ፈቃዱ ግን በየወሩ ይታደሳል።

ከገንዘቡ የባሰው ፍተሻው ነው። ፈቃዱን ሁልጊዜ ከኪስ አለመለየት ግድ ነው። ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እያለ ፖሊስ ከላይ ይጠራዋል። ያን ሁሉ ወጥቶ ወረቀት ማሳየት አለበት። ድንኳኑ ውስጥ ረስቶት ከሆነ ይታሰራል። በቂ እስር ቤት ስላልነበረ ከዛፍ ወይም ከግንድ ጋር በሰንሰለት የታሰሩም ነበሩ። ፖሊስ ብቅ ሲል ቆፋሪዎቹ «ጆ! ጆ!» እያሉ ይጯጯሃሉ። «ጆ» የቀድሞው አገረ ገዥ የቻርልስ ጆሴፍ ላ ትሮብ ስም ነው፤ መጠሪያው ወደ ማስጠንቀቂያና ወደ ስድብ ተለውጦ ነበር።

በ1854 አጋማሽ አዲስ አገረ ገዥ መጣ፣ ሰር ቻርልስ ሆታም። ካዝናው ባዶ ስለነበር ፍተሻው በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲሆን አዘዘ። ምርጫ ደግሞ የለም። ቆፋሪው ግብር ይከፍላል እንጂ ድምፅ አይሰጥም።

ጥቅምት 7 ቀን ጄምስ ስኮቢ የተባለ ስኮትላንዳዊ ቆፋሪ ዩሬካ ሆቴል አጠገብ ተገደለ። ተጠርጣሪው የሆቴሉ ባለቤት ጄምስ ቤንትሊ ነበር። የአካባቢው ዳኞች በነጻ ለቀቁት። ዳኛው ወዳጁ ነው የሚለው ሐሜት መንደሩን ሞላው። ከአሥር ቀን በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሆቴሉን አቃጠለው። ቤንትሊ ኋላ እንደገና ተከስሶ ተፈርዶበታል፤ እሳቱ ግን ቀድሞ ተነሥቷል።

ላሎር እንዴት መሪ ሆነ? ወታደር ነበር?

በጭራሽ። የውትድርና ልምድ አልነበረውም።

ኅዳር 11 ቀን ቤከሪ ሂል ላይ የባላራት የተሃድሶ ማኅበር ተቋቋመ። የጠየቀው ፈቃዱ እንዲቀር ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ወንድ ድምፅ ይስጥ፣ ለፓርላማ ለመወዳደር ሀብት መስፈርት አይሁን የሚል ጥያቄም ነበረው። የዚህ ማኅበር ዋና ሰው ጆን ሃምፍሪ የተባለ ዌልሳዊ ነበር፣ በሰላም እንጂ በጠብ የማያምን።

ኅዳር 29 ቀን የቆፋሪዎቹ አዲስ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ፈቃዶችም ተቃጠሉ። መንግሥት በማግስቱ ሌላ ፍተሻ ላከ። ነገሩ እልህ ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት ሕዝቡ እንደገና ሲሰበሰብ የለመዱት ተናጋሪዎች አልነበሩም። የ27 ዓመቱ ላሎር ጠመንጃውን እንደያዘ አንድ ጉቶ ላይ ወጣና «ነጻነት!» ብሎ ጮኸ። እሱ ራሱ ኋላ እንደጻፈው ዙሪያውን ሲያይ ለሥራ ብለው ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎችን አየ፣ የዕለቱም ጥቃት ትዝ አለው፣ ወጣ። ሌላ ማብራሪያ የለውም። እኔ ይህን ክፍል የምወደው ለዚህ ነው። ዕቅድ የለው፣ ድርጅት የለው፤ አንድ ሰው ማንም ያልወጣበት ጉቶ ላይ ወጣ።

ከዚያ ተንበርክከው ማሉ፦ «በደቡብ መስቀል ስም እንምላለን፤ እርስ በርሳችን በታማኝነት ልንቆም፣ መብታችንንና ነጻነታችንን ለማስከበርም ልንዋጋ።» የደቡብ መስቀል የተባለው በባንዲራው ላይ ያሉት አምስት ኮከቦች ናቸው። ከማሉት ውስጥ አየርላንዳዊ ይበዛል፤ እንግሊዛዊ፣ ጀርመን፣ አሜሪካዊ፣ ካናዳዊም ነበረበት። እንግሊዝኛ ለማይገባቸው ራፋኤሎ ካርቦኒ የተባለ ጣሊያናዊ ያስተረጉም ነበር።

ላሎር በዚያ ሰሞን ጂሎንግ ለምትኖረው እጮኛው ለአሊሺያ ደን ደብዳቤ ጽፎላታል። ጓደኞቼን አደጋ ላይ ጥዬ ብሸሽ ለአንቺ ፍቅር የማልበቃ ሰው እሆናለሁ ነው ያላት።

ምሽጉ ውስጥ ምን ሆነ?

ምሽግ ከተባለ ነው። ለጉድጓድ ግድግዳ የሚሆን ሳንቃና ጋሪ ገልብጠው የከለሉት ቦታ ነበር።

ቅዳሜ ቀን ከሺህ በላይ ሰው ነበረበት። ማታ ላይ አብዛኛው ወደየድንኳኑ ገባ፤ ነገ እሑድ ነው፣ በሰንበት ማን ይዋጋል ብሎ። የሌሊቱ የይለፍ ቃልም ጉዳት አለው የሚሉ አሉ። ላሎር የመረጠው «ቪኔገር ሂል» የሚለውን ነው፤ በ1798 አየርላንዳውያን በእንግሊዝ ላይ ተነሥተው የተሸነፉበት ኮረብታ። አየርላንዳዊ ያልሆነው ቆፋሪ ይህን ሲሰማ «ለካ ነገሩ የእነሱ የቆየ ቂም ነው» ብሎ መሄዱ አይገርምም። በኔ እይታ የላሎር ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። የፈቃድ ጥያቄ የሁሉም ነበር፤ በአንድ ቃል የአንድ ወገን አስመሰለው።

ታኅሣሥ 3 ቀን፣ እሑድ፣ ጎህ ሳይቀድ 276 ያህል ወታደርና ፖሊስ መጣ። ምሽጉ ውስጥ የቀረው ከ150 አይበልጥም። ውጊያው ከሃያ ደቂቃ ያለፈ አልነበረም። ከቆፋሪዎቹ ወገን ቢያንስ 22 ሰው ሞተ። ተኩሱ ካበቃ በኋላ በሳንጃ የተወጉም አሉበት፤ ድንኳኖችም ተቃጠሉ። ከመንግሥት ወገን ካፒቴን ሄንሪ ዋይዝን ጨምሮ ጥቂት ወታደሮች ሞተዋል።

ክንዱን እንዴት አጣ?

ግራ ትከሻው ላይ ተመታ። መሸሽ ስላልቻለ ጓደኞቹ ሳንቃ ክምር ስር ደበቁት። ወታደሮቹ እስረኛ ሲሰበስቡ እሱ እዚያው ስር ደሙ እየፈሰሰ ተኝቶ ነበር። ሰው ሲበተን አወጡት። ኋላ የካቶሊኩ ቄስ የአባ ፓትሪክ ስማይዝ ቤት ደረሰ። ሐኪሞች ክንዱን እዚያ ቆረጡት።

ከዚያ ተደብቆ ወደ ጂሎንግ፣ ወደ አሊሺያ። ያስታመመችው እሷ ናት። መምህርት ነበረች። በሐምሌ 1855 ተጋቡ።

ለምን አልተሰቀለም?

ስላልተያዘ ነው፤ ሲቀጥል ደግሞ የተያዙትም ስላልተፈረደባቸው።

መንግሥት ላሎርን ለጠቆመ 200 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ማስታወቂያው ዛሬም ያስቃል። ስሙን በሌላ ፊደል ጽፎታል። የ27 ዓመቱን ልጅ ዕድሜው 35 ነው ይላል። ቁመቱን፣ ጥቁር ቡናማ ፀጉሩን፣ ረጅም ፊቱን ይዘረዝርና መልኩ ደህና ነው፣ ቁመናውም ያማረ ነው ብሎ ያደንቀዋል! ክንዱ ስለ መቆረጡ ግን ምንም አይልም። 200 ፓውንድ የወር ፈቃድ መክፈል ለከበደው ሰው ቀላል ገንዘብ አልነበረም። የጠቆመ አልተገኘም።

አሥራ ሦስት ቆፋሪዎች በ1855 መጀመሪያ ላይ ሜልቦርን ውስጥ በአገር ክህደት ተከሰሱ። ቅጣቱ ሞት ነው። የመጀመሪያው ተከሳሽ ጆን ጆሴፍ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ከሕዝቡ የተመረጡት ፈራጆች ነጻ ብለው ለቀቁት፤ ሕዝቡም ወንበር ላይ አስቀምጦ በትከሻው ተሸክሞት ከተማውን ዞረ። የቀሩትም አንድ ሳይቀር ነጻ ወጡ። በነገራችን ላይ ሲከሳቸው የነበረው ዐቃቤ ሕግ ዊልያም ስታዌልም አየርላንዳዊ ነው። ከፈረዱት ዳኞች አንዱ ሬድመንድ ባሪም እንደዚያው። ስለዚህ ነገሩን አየርላንድ ከእንግሊዝ ጋር የገጠመችበት ብቻ አድርጎ መተረክ አያስኬድም።

ከዚህ በኋላ ላሎርን ብቻ ለይቶ መክሰስ ትርጉም አልነበረውም። ወሮታው ተነሣ።

ከአማፂነት ወደ ምክር ቤት እንዴት ተሻገረ?

ሁኔታው ራሱ ተለወጠ። የወርቅ ቦታዎቹን ችግር እንዲያጣራ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚሽን በመጋቢት 1855 ሪፖርቱን አወጣ፤ የቆፋሪዎቹ ብሶት እውነት ነው አለ። የወር ፈቃዱ ቀረ። በምትኩ በዓመት አንድ ፓውንድ የሚከፈልበት የቆፋሪነት መብት ወረቀት መጣ። በዓመት ከ8 ፓውንድ ወደ አንድ ማለት ነው። ያ ወረቀት ደግሞ ድምፅ የመስጠት መብት ይሰጣል። መንግሥት ያጣውን ገቢ በወርቅ ላይ በተጣለ የኤክስፖርት ቀረጥ አካካሰ፤ ያገኘ ይክፈል ነው ነገሩ።

በኅዳር 1855 ባላራት ተወካዮቿን ስትልክ ላሎርና ሃምፍሪ ያለ ተቀናቃኝ ገቡ። ጠመንጃ ያነሣውና «ጠመንጃ አታንሱ» ያለው ጎን ለጎን። ከምሽጉ ገና ዓመት አልሞላም።

ታዲያ «ከዳን» የሚሉት ለምንድነው?

በቁም ነገር የሚነሳ ወቀሳ ነው። በ1856 የታችኛው ምክር ቤት አባል ሆነ። ወዲያው የምርጫ ሕግ ክርክር መጣ። ላሎር ሀብት ያለው ሰው በየንብረቱ ተጨማሪ ድምፅ ይስጥ የሚለውን ደገፈ። መራጩ በአንድ ቦታ ስድስት ወር ይኑር የሚለውንም ደገፈ። ወርቅ ቆፋሪ ማለት ደግሞ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚል ሰው ነው። ደሙን ያፈሰሰላቸው ሰዎች ናቸው ድምፅ የሚያጡት። ባላራት ጉድ አለ።

ላሎር የሰጠው መልስ ዛሬም ይጠቀሳል። ዲሞክራት ማለታችሁ ቻርቲስት (ለእያንዳንዱ ወንድ ድምፅ ይሰጥ ይሉ የነበሩ የእንግሊዝ ንቅናቄ ሰዎች)፣ ኮሚኒስት ወይም ሪፐብሊካን ከሆነ እኔ አልነበርኩም፣ አይደለሁም፣ አልሆንምም አለ። ጨቋኝ ጋዜጣን፣ ጨቋኝ ሕዝብን፣ ጨቋኝ መንግሥትን መቃወም ከሆነ ግን ነበርኩ፣ ነኝ፣ እሆናለሁ።

የኔ አስተያየት፦ አልከዳም፤ እንዲያው ሰዎቹ መጀመሪያውኑ አላወቁትም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህን ነበር። ባለ መሬት ቤት የተወለደ፣ ተምሮ ኑሮ ሊያሻሽል የመጣ፣ ከአመፁ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መሬት የገዛ ሰው ነው። ጉቶው ላይ ያወጣው የሀብት ክፍፍል ጥያቄ አልነበረም። በፖሊስ መዋረዱ ነው። ቁጣው የእውነት ነበር፤ ግን ከወንድሙ ከጄምስ ፊንታን ሐሳብ ጋር አንድ አልነበረም። ይህን ስል ድምፁን ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። ጉዳት ነበረው።

የክሉንስ ታሪክ እውነት ነው?

ያሳዝናል እንጂ እውነት ነው። በ1873 ክሉንስ በምትባል ከተማ የሎተይር ወርቅ ማውጫ ሠራተኞች አድማ መቱ። ላሎር ከኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዱ ነበር። ኩባንያው በአድመኞቹ ቦታ ቻይናውያን ሠራተኞች በፖሊስ አጀብ አስመጣ። ታኅሣሥ 9 ቀን የከተማው ሰው፣ ሴቱም ጭምር፣ መንገዱን በእንጨትና በድንጋይ ዘግቶ ሠረገላዎቹን መለሰ።

አድመኞቹ ንጹሐን ናቸው ለማለት አይደለም፤ በቻይናውያን ላይ የነበረው ጥላቻ አስቀያሚ ነበር፣ የተመቱትም ምንም የማያውቁት ምስኪኖች ናቸው። ግን ሥዕሉን ተመልከቱት። በ1854 ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ፖሊስን የተጋፈጠው ሰው ኩባንያ፣ ከ19 ዓመት በኋላ ከአጥሩ ወዲያ በፖሊስ ታጅቦ መጣ።

ምን ምን ሹመት ያዘ?

ከ1859 እስከ 1871 ለሳውዝ ግራንት ተመረጠ፣ በ1871 ተሸነፈ፣ በ1874 ተመለሰ። በ1875 የጉምሩክ ሚኒስትር ሆነ፤ በግርሃም ቤሪ መንግሥት ውስጥ ከ1877 በኋላም ያንኑ ሥራ ይዟል። ከ1880 እስከ 1887 አፈ ጉባኤ ነበር። ጤናው ሲታወክ ለቀቀ፤ ምክር ቤቱ 4,000 ፓውንድ ሰጠው። 200 ፓውንድ ተመድቦበት የነበረው ሰው ማለት ነው። አሊሺያ በዚያው በ1887 ሞተች። እሱ የካቲት 9 ቀን 1889 ሜልቦርን፣ ሪችመንድ ውስጥ አረፈ።

የልጅ ልጁ ካፒቴን ጆሴፍ ፒተር ላሎር ሚያዝያ 25 ቀን 1915 ጋሊፖሊ ላይ ተገደለ። የእንግሊዝን ንጉሥ ጦር ዩኒፎርም ለብሶ።

ስሙ እንዴት ነው የሚጠራው?

ትክክለኛው አጠራር ወደ «ሎለር» ይቀርባል። የሰሜኑን ሰፈር ግን ነዋሪው «ሌለር» ነው የሚለው። እኔ ፊደሉን ተከትዬ «ላሎር» ብያለሁ። ባቡር ላይ ከሆናችሁ ግን «ሌለር» በሉ፣ አለበለዚያ የሚያውቅላችሁ የለም።

ባንዲራውን ማየት ይቻላል?

ይቻላል። ባላራት የሚገኘው የዩሬካ ማዕከል ውስጥ አለ። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ መስቀል፣ ነጭ ኮከቦች። በዚያች ንጋት ጆን ኪንግ የተባለ ፖሊስ አወረደውና ወሰደው፤ ቤተሰቡ ዘንድ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1895 ለባላራት የሥዕል ቤት በውሰት ተሰጠ። ስታዩት ጥግ ጥጉ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ጊዜው ብቻ አይደለም የበላው። ለማስታወሻ እያሉ ቁራጭ ቁራጩን የወሰዱ ሰዎች ናቸው።